የእንዶድ አጣቢዎች ዕውቀት

የፋብሪካ ሳሙና ገበያውን ሳይሞላው በፊት ሸማና ጋቢ የሚነጣው በእንዶድ ነበር። ፍሬው ሳይበስል ይለቀማል፣ በፀሐይ ይደርቃል፣ ይወቀጥና ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ሲታሽ አረፋው ይገነፍላል። አረፋውን የሚሰጠው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። የሳፖኒን ሞለኪውል አንዱ ጫፍ ስኳር ስለሆነ ከውሃ ጋር ይስማማል፤ ሌላው ጫፉ ውሃን ሸሽቶ ወደ ቅባት ያደላል። የውሃ ሞለኪውሎች እርስ በርስ አጥብቀው ስለሚሳሳቡ ነጠላ ላይ የፈሰሰ ቅቤን መካከላቸው አያስገቡትም። ሳፖኒን ግን በአንድ ጫፉ ቅቤው ውስጥ ይሰካል፣ በሌላው ውሃውን ይይዛል፤ ቅባቱ ተበጣጥሶ፣ በሞለኪውሎቹ ተከቦ ከወራጁ ጋር ይሄዳል። ኬሚስት «ሳሙና ማለት ቅባት ከአልካሊ ጋር ሲዋሃድ የሚገኝ ጨው ነው፤ እንዶድ ሳሙና አይደለም» ቢል በስያሜው አልከራከርም። ሥራቸው ግን አንድ ነው።

በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ፣ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት በታች የሞቱት በርክተው አገኙ። ይህ ብዙ ጊዜ እንደ መልካም አጋጣሚ ይተረካል። እኔ አጋጣሚ አልለውም። የሕዋስ ሽፋን መሠረቱ ቅባት ነውና፣ ከሸማው ላይ ቅባት የሚያላቅቀው ባሕርይ የቀንድ አውጣውንም ሕዋስ ያፈርሳል። አጣቢዎቹ በየወንዙ ዳር ሳፖኒን ሲያወጡና ሲያሟሙ ኖረዋል፤ ተመራማሪው የደረሱት በዚያ ሥራ ውጤት ላይ ነው።

«አጣቢዎቹ ሴቶች ስለ ሞለኪውል ምን ያውቁ ነበር?» የሚል ይኖራል። ስሙን አያውቁም። ሆኖም ያልበሰለውን ፍሬ መርጠው ይለቅሙ ነበር፤ በኋላ ቤተ ሙከራም ኃይሉ የሚበረታው በአረንጓዴው ፍሬ መሆኑን አረጋገጠ። ይህ የአክሊሉን ክብር አይቀንስም፤ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. የተቀበሉት የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የሚገባቸው ነበር። ክብሩ ግን ለሁለት ወገን ነው።

ነገሩ ከአድዋ ርቆም ሄዷል። አሜሪካ ውስጥ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፣ የውሃ ቧንቧ የሚደፍነውን ዜብራ መስል የተባለ ባለ ዛጎል እንስሳ በእንዶድ ለመግደል የባለቤትነት መብት አስመዝግቧል። የዚህ እንስሳ የቅርብ ዘመድ የሆነው ኳጋ መስል በ2007 እ.ኤ.አ. ሚድ ሐይቅ ውስጥ ተገኘ፤ የላስ ቬጋስ ሸለቆ፣ በውስጡ ያለችው የኢንተርፕራይዝ ከተማም ጭምር፣ አብዛኛውን ውሃ የሚያገኘው ከዚሁ ሐይቅ ነው። በኢንተርፕራይዝና በአካባቢዋ የምትኖሩ፣ እንዶድ ለቅመው፣ ወቅጠው ያጠቡ እናቶችና አያቶች ካሏችሁ፣ አለቃቀሙንና አዘፋዘፉን ጠይቃችሁ በድምፅ ቅዱት።