የንብ ደረትና የደጋ ቀፎ

በደጋው አገር ንብ ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር መኖሯ ረጅም ዘመን ያስቆጠረ ልማድ ነው። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ቀፎ ሜዳ ላይ ሳይሆን ገበሬው በሚኖርበት ቤት ውስጥ ግድግዳ ተጠግቶ እንደሚቀመጥ፣ ንቦቹም በቀዳዳ ወደ ውጭ እንደሚወጡ ጽፏል። ዛሬ ቀራንዮ የምንለው የአዲስ አበባ ምዕራባዊ ዳርቻም፣ ከተማው ሳይውጠው በፊት የዚሁ የደጋ ገበሬ መሬት ነበር። ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አደይ አብባ ማር ከተቆረጠ በኋላ የሚመጣው የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት አጥንት ይሰብራል። ቀፎን ከቤት ማስጠጋቱ ብዙ ጊዜ እንደ ኋላ ቀርነት ሲነገር ይሰማል። እኔ ግን ይህ ልማድ ከንቧ ደረት አሠራር ጋር በትክክል የገጠመ ጥበብ ነው እላለሁ።

የነፍሳት ገላ ራስ፣ ደረትና ሆድ ተብሎ ይከፈላል። ደረት ሦስት የተያያዙ ቀለበቶች አሉት፤ እያንዳንዱ አንድ ጥንድ እግር ሲሸከም፣ ክንፎቹ የሚበቅሉት ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ነው። በንብ ላይ ደግሞ የሆድ የመጀመሪያው ቀለበት ከደረት ጋር ተጣብቆ አራተኛ ይሆናል። አሜሪካዊው ሮበርት ስኖድግራስ በ1910 እ.ኤ.አ. የንብን አካል አንድ በአንድ ዘርዝሮ አሳትሟል። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ዋናዎቹ የበረራ ጡንቻዎች ከክንፉ ጋር አለመያያዛቸው ነው። የተያያዙት ከደረቱ ግድግዳ ጋር ነው። ከጀርባ ወደ ታች የወረዱት ሲኮማተሩ የደረቱ ጣራ ዝቅ ይልና ክንፉ ይነሳል፤ ከፊት ወደ ኋላ የተዘረጉት ሲኮማተሩ ጣራው ከፍ ይልና ክንፉ ይወርዳል። ይህ በሰከንድ ከ200 ጊዜ በላይ ይደጋገማል። ንቧ ስትፈልግ ደግሞ ክንፏን ሳታንቀሳቅስ እነዚሁኑ ጡንቻዎች ታሠራለች፤ ያኔ ጉልበቱ ሁሉ ሙቀት ይሆናል። ደረቷን በማር እንጀራው ዐይን ውስጥ ታሽጎ በሚያድገው ሙሽሬ ክዳን ላይ ትለጥፋለች፣ ወይም ባዶ ዐይን ውስጥ ገብታ ዙሪያዋን ታሞቃለች። እጭና ሙሽሬ የሚያድጉበት የማር እንጀራ በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የሚጠበቀው በዚህ መንገድ ነው። የዚህ ምድጃ ማገዶ ማር ነው። እንግዲህ በቀፎው ግድግዳ በኩል የሚያመልጥ ሙቀት ሁሉ ከገበሬው ማር ላይ የሚቀነስ ነው።

ከቀርከሃ ወይም ከጭራሮ ተሠርቶ በጭቃና በእበት የተለሰነውን ድቡልቡል ቀፎ፣ ያንንም እሳት ከሚነድበት ቤት ማስጠጋትን የምመለከተው በዚህ ዐይን ነው። እርግጥ ነው፣ ቀፎ ከቤት የሚጠጋው ሌባን፣ ጉንዳንንና ማር የሚበላ አውሬን ለመከላከል ነው የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ይህ ምክንያት ግን ብቻውን አይበቃም። ሌባም ጉንዳንም በደቡብ ምዕራቡ ጫካ አለ፤ እዚያ ግን ቀፎ ዛፍ ላይ ሲሰቀል ኖሯል። በደጋው ዛፉ ስለተመናመነ ነው ቢባልም፣ የዛፍ እጦት ቀፎን ከቤት ውጭ ከማኖር አይከለክልም። ገበሬው ስለ ደረት ጡንቻ ምን ያውቃል የሚለው ጥያቄም አያስቸግርም። ማወቅ አያስፈልገውም ነበር፤ ብርድ የፈጀውን ቀፎና ብርድ የቻለውን ቀፎ ለይቶ ማየት ይበቃዋል፤ ያንን ለማየት ደግሞ በመቶ የሚቆጠሩ ዓመታት ነበሩት።

ከቀራንዮ ወደ ምዕራብ፣ በአምቦ መንገድ ባለችው ሆለታ፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ፍሬም ያለው የሳጥን ቀፎ መግባት ጀመረ። ከአንድ ዘመናዊ ቀፎ የሚገኘው ማር ከባህላዊው እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል፤ ይህን መካድ አልፈልግም። ነገር ግን ትርፉ የመጣው በዋናነት ንቧ እንጀራዋን እንደገና ሳትሠራ ማሩን መውሰድ ስለተቻለ ነው። ስስ ጣውላው ከልስኑ ስለበለጠ አይደለም። ሁለቱን መለየት ነበረብን። ሳንለይ በመቅረታችን ልስኑን ከእንጀራው አያያዝ ጋር አንድ ላይ ኋላ ቀር አልነው፤ ያም ሆኖ ከአገሪቱ ቀፎዎች የሚበዙት ዛሬም ባህላዊ ናቸው። በኋላ የመጣው የጨፈቃ ቀፎ ግን ሁለቱን ለይቶ፣ ከላይ እንጀራ የሚንጠለጠልባቸውን እንጨቶች ከአዲሱ ወስዶ፣ ጎኑን በቀጫጭን እንጨት ማግሮ በጭቃ ይለስናል።