የፓርቲን ስም መልአክ አያወጣውም

ያገራችን ሰው «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል። የሰው ስም እንደዚያ ይሁን፤ የፖለቲካ ፓርቲ ስም ግን የመልአክ ሥራ አለመሆኑን የተማርኩት በስደት በምኖርባት በቨርጂኒያ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ2008 የዜግነት ወረቀቴን ተቀብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ልመርጥ በተዘጋጀሁበት ሰሞን፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በአንድ ወዳጄ ቤት ቡና ላይ ክርክር ተነሣ። አንዱ «ባሪያ ነፃ ያወጣው የሊንከን ፓርቲ ሪፑብሊካን ነው፤ ጥቁር ሆነህ እንዴት ዴሞክራት ትመርጣለህ?» አለኝ። ሌላው ቀበል አድርጎ «የጥቁር ወገን ማን እንደሆነ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል» አለ። ሁለቱም በስም ማሉ። እኔ ዝም አልኩ።

ዝም ያልኩት ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ወጣት ለነበርን ሰዎች የፓርቲ ስም ቀልድ አይደለም። የአንዱ ድርጅት አባል ነው መባል ለመሞት፣ የሌላው አባል መሆን ደግሞ ለመግደል የሚበቃበት ጊዜ ነበር። ትናንት ገዳይ የተባለው ስም ዛሬ ተሳዳጅ ሲሆንም አይተናል። ከዚያ ወዲህ የፓርቲ ስም ሲጠራ «በየትኛው ዘመን?» ብሎ መጠየቅ ልማዴ ሆነ። ስለዚህም የቨርጂኒያን ታሪክ ማገላበጥ ያዝኩ።

ሪፑብሊካን ፓርቲ በ1854 የተመሠረተው የባርነትን መስፋፋት ለመቃወም ነው። በ1860 አብርሃም ሊንከን ሲመረጡ የደቡብ ግዛቶች መገንጠል ጀመሩ፤ በተከታዩ ዓመት ቨርጂኒያም ተከተለች፤ ከተማዋ ሪችሞንድም የተገንጣዮቹ መዲና ሆነች። ጦርነቱ በ1865 ሲያበቃ ነፃ የወጣው ጥቁር ሪፑብሊካን፣ የተሸነፈው ነጭ በብዛት ዴሞክራት ሆነ። የደቡብ ነጭ ዴሞክራትነት ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ቂም ነበር ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። በ1902 የወጣው የቨርጂኒያ ሕገ መንግሥትም፣ ለመምረጥ ግብር መክፈልንና ፈተና ማለፍን እየጠየቀ ጥቁሩን፣ ከርሱም ጋር ብዙ ድሀ ነጭ፣ ከምርጫ አስወጣ።

ከዚያ በኋላ ግዛቲቱ ለረጅም ዘመን በሃሪ ቤርድ በሚመራው የዴሞክራቶች ቡድን እጅ ወደቀች። በ1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጥቁርና ነጭ ተማሪን መለየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ሲፈርድ፣ የቤርድ ወገኖች አሻፈረኝ አሉ። ፕሪንስ ኤድዋርድ በሚባለው አውራጃ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ከ1959 እስከ 1964 ተዘግተው ቆዩ። ልብ በሉ፤ አምስት ዓመት! በስድስት ዓመቱ ፊደል ሊቆጥር የወጣ ጥቁር ሕፃን ዐሥራ አንድ ዓመት ሲሞላው በሩ ገና እንደ ተዘጋ ነው።

በሌላው የአሜሪካ ክፍል ግን የፓርቲው ውስጡ እየተለወጠ ነበር። በ1930ዎቹ የሩዝቬልት መንግሥት ለሥራ አጡ እጁን ሲዘረጋ የሰሜኑ ጥቁር ወደ ዴሞክራቶች ዞረ። በ1948 ትሩማን ጥቁርና ነጭ ወታደር ተለያይቶ እንዳያገለግል አዘዙ። በ1964 የቴክሳሱ ተወላጅ ዴሞክራቱ ሊንደን ጆንሰን የሲቪል መብት ሕጉን ፈረሙ። ለሕጉ ድምፅ ከሰጡት የምክር ቤት አባላት መካከል ብዙ ሪፑብሊካኖች ነበሩ። ሆኖም በዚያው ዓመት ሕጉን የተቃወሙት የሪፑብሊካኑ ዕጩ ጎልድዋተር ከትውልድ ግዛታቸው ከአሪዞና ሌላ ያሸነፉት በአምስት የደቡብ ግዛቶች ብቻ ነው። ቂሙ ቤት መቀየር ጀመረ። ነገሩ የዘር ብቻ አልነበረም፤ የግብር፣ የሃይማኖትና ከከተማ ዳር የሚሠፍረው አዲስ ሀብታም ጉዳይም ነበረበት። ዘሩን ትቶ ታሪኩን መንገር ግን አይቻልም።

ለውጡ በአንድ ቀን አልሆነም፤ ቀጥ ያለም አልነበረም። ሚልስ ጎድዊን የተባሉት ሰው በ1965 በዴሞክራትነት፣ በ1973 ደግሞ በሪፑብሊካንነት የቨርጂኒያ አገረ ገዥ ሆነው ተመርጠዋል። በሁለቱ መካከል የገዙት ሪፑብሊካኑ ሊንውድ ሆልተን ግን በ1970 ልጃቸውን ይዘው፣ አብዛኛው ተማሪ ጥቁር ወደ ሆነበት የሪችሞንድ ትምህርት ቤት በእግራቸው አደረሷት። በ1976 ዴሞክራቱ ካርተር ከዐሥራ አንዱ የቀድሞ ተገንጣይ ግዛቶች ዐሥሩን ሲያሸንፉ እምቢ ያለቻቸው ቨርጂኒያ ብቻ ናት። በ1989 ደግሞ ይህችው ቨርጂኒያ የባሮች የልጅ ልጅ የሆኑትን ዳግላስ ዋይልደርን አገረ ገዥ አድርጋ መረጠች። ፓርቲያቸው ዴሞክራት ነበር፤ ትምህርት ቤት ከተዘጋበት ዘመን በሠላሳ ዓመቱ ማለት ነው።

በ1863 ከቨርጂኒያ ተከፍላ የወጣችው ዌስት ቨርጂኒያ በተቃራኒው ሄደች። የከሰል ማዕድን ሠራተኛ የሚበዛባት ይህች ግዛት በ1996 እንኳ ዴሞክራት መርጣ ነበር፤ ከ2000 ጀምሮ እስከ 2024 ግን በፕሬዚዳንት ምርጫ አንድም ጊዜ ወደ ቀድሞው አልተመለሰችም። ሁለት እኅትማማቾች መንገድ ላይ ተላልፈው እንደ መሄድ ነው።

እነሆ በ2008 ቨርጂኒያ ከ1964 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዴሞክራት ፕሬዚዳንት ድምፅዋን ሰጠች። በዋሽንግተን ዳርቻ የበዛው የመንግሥት ሠራተኛና ከየአገሩ የመጣው ስደተኛ ለዚህ አንዱ ምክንያት ነበር። በአሌክሳንድሪያና በፌርፋክስ ያለን እኛ ኢትዮጵያውያንም ከዚያ ውስጥ አለንበት።

እነዚያ ሁለት ወዳጆቼ ሁለቱም እውነት ነበራቸው፤ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ነው የዘለሉት። ጋኑ ያው ጋን ነው፤ ጠላ ይኑርበት ጠጅ ሳይቀምሱ አይታወቅም። ድምፄን ልሰጥ ተሰልፌ ሳለሁ ያሰብኩትም ስለ ሊንከን ሳይሆን ስለ ፕሪንስ ኤድዋርድ ሕፃናት ነበር። ለነሱ ቁም ነገሩ በሩን ማን ዘጋው፣ ማንስ ከፈተው ነበር እንጂ፣ የዘጋው ሰው ፓርቲ ስሙ ማን እንደ ሆነ አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በምርጫ ሁሉ የምጠይቀው ይህንኑ ነው።