የ70 ኪሎ ልዩነት

ሰፈራችን በነበረችው ፕሌይስቴሽን ቤት ብዙው ሰው የሚጫወተው ኳስ ነበር። እኔና አንድ ጓደኛዬ ግን ኳሱ ሲሰለቸን «ግራን ቱሪስሞ 2»ን እንከፍታለን። ሁለታችንም የምንመርጠው አንድ መኪና ነው፦ ሚትሱቢሺ ላንሰር ኢቮሉሽን 6። የምንለያየው ከስሙ ቀጥለው ባሉት ፊደሎች ላይ ብቻ ነበር። እኔ ጂኤስአር፣ እሱ አርኤስ። እኔ የማሸንፍ ይመስለኛል፤ ጂኤስአር ውድ ነዋ! ውድ ከሆነ ደግሞ የተሻለ መሆን አለበት። እሱ ግን ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ስንደርስ ጥሎኝ ይሄዳል። የፈረስ ጉልበታቸው እኩል መሆኑን ስክሪኑ ላይ እያየሁ «መኪናው ላይ ምን ጨምረህበት ነው?» ብዬ እጨቃጨቃለሁ።

«እኔ ምንም አልጨመርኩም። እነሱ ናቸው ያልጨመሩበት» ይለኛል።

ያኔ መልሱ ቀልድ መስሎኝ ነበር። የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ያውም ገንዘቤን ከከፈልኩ በኋላ ነው። የመጀመሪያ መኪናዬን ስገዛ ሁለት ተመሳሳይ መኪኖች ቀረቡልኝ። አንዷ ባዶ ናት፤ መስኮቷ በእጅ የሚዞር፣ ካምቢዮዋ ማንዋል። ሌላዋን ሻጩ «ይቺ ፉል ናት!» አለኝ። ሁለት ዓመት ካጠራቀምኩት ላይ ተበድሬ ጨመርኩና ፉሏን ወሰድኩ። በመጀመሪያው ክረምት ሰንሩፉ ውሃ አስገባ። ቀጥሎ ሁለት የመስኮት ሞተሮች ሞቱ። ጋራዥ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ነው እንግዲህ ስለዚያች አርኤስ ማንበብ የጀመርኩት።

ታሪኩ የሚጀምረው ከራሊ ውድድር ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) በዓለም ራሊ ሻምፒዮና የሚገዛው «ግሩፕ ኤ» የሚባለው ደንብ ነበር። የደንቡ ፍሬ ነገር ቀላል ነው፦ የምትወዳደርበትን መኪና መጀመሪያ አምርተህ ለሕዝብ ሽጥ። ሚትሱቢሺ ቀድሞ የሚወዳደረው ጋላንት ቪአር-4 በሚባል ትልቅ መኪና ነበር። መኪናው ጎበዝ ነው፣ ግን ለጠባብ የጫካ መንገድ ግዙፍና ከባድ ሆነ። ስለዚህ መሐንዲሶቹ የጋላንቱን ባለ 2 ሊትር ቱርቦ ሞተርና አራቱንም ጎማ የሚነዳውን አሠራር አነሱና ትንሿ ላንሰር ውስጥ ከተቱት። በ1992 ላንሰር ኢቮሉሽን ተወለደች፤ 250 የፈረስ ጉልበት ያላት ባለ አራት በር የቤተሰብ መኪና።

ገና ከመጀመሪያው ቀን ግን አንድ መኪና አልነበረችም። ጂኤስአር 1,240 ኪሎ ትመዝናለች፤ አርኤስ 1,170። ሞተሩ ያው፣ ካምቢዮው ባለ 5 ማርሽ። ልዩነቱ 70 ኪሎ ነው። 70 ኪሎ ማለት አንድ ሙሉ ሰው ነው። ጂኤስአር የሚነዳ ሰው፣ ወረድ ብሎ የማያውቅ ተሳፋሪ ይዞ ይዞራል ማለት ነው።

ያ ተሳፋሪ ከምን ተሠራ? ከመስኮት ሞተሮች፣ ከኤሲ፣ ከኤቢኤስ ፍሬን፣ ካማረ ወንበር፣ ድምፅ ከሚያፍን ነገር። አርኤስ እነዚህን አልያዘችም። ቸርኬዋ እንኳ ተራ ብረት ነበር። በአእምሯችን «ርካሿ» ብለን የምናልፋት ዓይነት መኪና ናት። ለማን እንደተሠራች ስታውቁ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የራሊ ቡድን መኪናውን ከገዛ በኋላ የመጀመሪያ ሥራው ማራገፍ ነው። ወንበሩን ይነቅላል፣ ቸርኬውን ይቀይራል፣ የብረት ማቀፊያ ይበይዳል። ነቅለህ ለምትጥለው ወንበር ለምን ትከፍላለህ? ስለዚህ ፋብሪካው ባዶዋን ሸጠለት። ጂኤስአር ደግሞ ሰኞ ጠዋት ሥራ ለሚሄድ፣ እሁድ ቤተሰቡን ለሚያንሸራሽር ሰው ቀረበች።

ከዚያ የፈረስ ጉልበቱ ጣሪያ ነካ። የጃፓን ፋብሪካዎች እርስ በርስ ተስማምተው በአገራቸው የሚሸጡትን መኪና ጉልበት ከ280 ላለማሳለፍ ቃል ተገባብተው ነበር። በ1996 የወጣችው ኢቮ 4 እዚያ ጣሪያ ላይ ደረሰች። ከዚህ በኋላ ወረቀት ላይ በጉልበት መብለጥ የለም፤ የቀረው ክብደትና አነዳድ ነው። እዚህ ላይ ሁለቱ እህትማማቾች ይበልጥ ተራራቁ። ጂኤስአር ኩርባ ላይ ለየትኛው የኋላ ጎማ ስንት ጉልበት እንደሚደርስ በኮምፒውተር የሚወስን ዲፈረንሻል ተገጠመላት። አርኤስ በሜካኒካል ዲፈረንሻሏ ቀጠለች። አንዷ 1,350 ኪሎ፣ ሌላዋ 1,260። ልዩነቱ ከ70 ወደ 90 አደገ ማለት ነው። የኔና የጓደኛዬ የስክሪን ጭቅጭቅ ምንጩ ይኸው ነበር።

ነገር ግን «ቀላል ሁልጊዜ ይሻላል» ብዬ ብደመድም እዋሻለሁ። ፊንላንዳዊው ቶሚ ማኪነን ከ1996 እስከ 1999 በተከታታይ አራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በሚትሱቢሺ ነው። በ1996 ካሸነፋቸው ውድድሮች አንዱ ደግሞ እዚሁ ጎረቤታችን ኬንያ የተካሄደው ሳፋሪ ራሊ ነበር። የሳፋሪ መኪኖችን ፎቶ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፊታቸው ላይ እንስሳ ቢገባባቸው የሚከላከል ወፍራም ብረት አለ፤ በጎን በኩል ወንዝ ሲሻገሩ ሞተሩ ውሃ እንዳይጠጣ ወደ ላይ የወጣ የአየር ቧንቧ። ግራም ሲቆጥሩ የከረሙት ሰዎች ኬንያ ሲደርሱ ኪሎ ጨመሩ። ጥያቄው ለካ «ስንት ይመዝናል?» ብቻ አይደለም፤ «የተሸከምከው ነገር ሥራ አለው ወይ?» ነው።

የካምቢዮውም ታሪክ እንደዚሁ ነው። በ2003 ኢቮ 8 ስትመጣ ጂኤስአር ባለ 6 ማርሽ ሆነች። እኛ ብንሆን ከአምስት ስድስት ይበልጣል ብለን እንጨርሰው ነበር። እርግጥ ነው፣ ማርሾቹ ሲቀራረቡ በለወጥክ ቁጥር የሞተሩ ዙር ብዙ አይወርድም፤ ቱርቦውም ትንፋሽ አያጣም። ግን ስድስት ማርሽ ማለት ተጨማሪ መቀየር ማለትም ነው፤ ፍሪሲዮን በረገጥክ ቁጥር ደግሞ ሞተሩ ለዚያች ቅጽበት ጎማውን አይገፋም። ብዙ ማርሽ በተመሳሳይ ቦታ ሲጠቀጠቅ ጥርሶቹ መቅጠናቸውም አይቀርም። ለዚህ ነው ሞተሩን ከፋብሪካው በላይ የሚያጠነክሩ ሰዎች ባለ 5ቱን የሚመርጡት።

በ2005 የወጣችው ኢቮ 9 ነገሩን ግልጽ አድርጋ አስቀመጠችው። ጂኤስአር፦ 6 ማርሽ፣ 1,410 ኪሎ። ጂቲ፦ 5 ማርሽ፣ 1,390 ኪሎ። አርኤስ፦ 5 ማርሽ፣ 1,320 ኪሎ። በዚያ ላይ ቀለል ካለ ብረት የተሠራው ፈጣን ቱርቦ የተሰጠው ለባለ 5ቶቹ ነው። እኔ ብሆን ያለ ጥርጥር ባለ 6ቷን ገዝቼ ለጓደኛዬ ስልክ ደውዬ እኩራራበት ነበር።

የመጨረሻዋ ኢቮ 10 በ2007 መጣች። ለጂኤስአር ሁለት ምርጫ ቀረበ፦ ባለ 5 ማርሽ ማንዋል፣ ወይም በሁለት ፍሪሲዮን ራሱ የሚቀይር ባለ 6። በማንዋል 1,520 ኪሎ፣ በሌላው 1,540። አርኤስ እንኳ 1,420 ደርሳለች። ካልኩሌተር አውጥቼ አሰላሁት። የ1992ቷ ጂኤስአር እያንዳንዱ ፈረስ 5 ኪሎ ገደማ ይጎትት ነበር። የ2007ቷ 30 ፈረስ ጨምራም እያንዳንዱ 5.4 ኪሎ ይጎትታል። መኪናዋ ይበልጥ ምቹ፣ ይበልጥ ብልህ ሆናለች፤ ግን ከጋላንት ክብደት ሸሽታ የተወለደች መኪና ነበረች። በ2015 ለስንብት የወጣችው «ፋይናል ኤዲሽን» ስትሸጥ የተገጠመላት ካምቢዮ የትኛው ይመስላችኋል? ባለ 5 ማርሽ ማንዋሉ።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ለዚያ ጓደኛዬ ደወልኩለት። አሁን ጋራዥ ውስጥ ነው የሚሠራው።

«አርኤስ ለምን እንደምታሸንፈኝ ገባኝ» አልኩት።

ሳቀብኝ። «አሁን መኪና ብትገዛ አርኤስ ትገዛ ነበር ማለት ነው?»

ትንሽ አሰብኩ። በሐሩር ያለ ኤሲ፣ በዝናብ ያለ ኤቢኤስ፣ እናቴን ከኋላ አስቀምጬ። «አይ፣ ጂኤስአሯን ነው የምገዛው» አልኩት።

«ታዲያ ምን ተማርክ?»

«ለምን እንደምገዛት ማወቅ ነዋ! በፊት የምመርጣት ዝርዝሯ ስለሚረዝም ነበር።»

«ጥሩ» አለኝ። «ሰንሩፉን ግን ቅዳሜ ይዘኸው ና። በደንብ እናሽገዋለን።»