በወንጌል ኅዳግ የተጻፈ ሽያጭ

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር ውስጥ ሪም፣ ማለትም ከቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ጋር የተያያዘ መሬት፣ የገዛ ሰው ግዢውን የሚያስጽፈው እዚያው ቤተ ክርስቲያን ነበር። ጸሐፊው ከወንጌሉ ወይም ከሌላ መጽሐፍ ኅዳግ ላይ ክፍት ቦታ ይፈልጋል፤ ካጣ ባዶ የቀረ ቅጠል ይገልጣል። ከዚያ የሻጩንና የገዢውን ስም፣ መሬቱን፣ ዋጋውን፣ ምስክሮቹንና ዋሶቹን ያሰፍራል። ዋጋው አንዳንዴ በወርቅ ወቄት፣ አንዳንዴ በአሞሌ ጨው፣ አንዳንዴም በብር ነው።

ለምን ወንጌል ላይ? የተቀደሰ መጽሐፍ በቀላሉ አይሰረዝም፣ አይቀደድም፣ ከዕቃ ቤትም እንዲሁ አይወጣም። በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ ሴቶች በገዛ ስማቸው መሬት ሲሸጡና ሲገዙ ይታያሉ። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክራሚ በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ጎንደር ሴቶችና ስለ መሬት ይዞታቸው ሊጽፍ የቻለው እነዚህ የሽያጭ ጽሑፎች ተጠብቀው ስለቆዩ ነው። በነገሥታቱ ዜና መዋዕል ብቻ ቢታመን ኖሮ አብዛኞቹን ሴቶች ማን ያውቃቸው ነበር?

መጻፉ ግን የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። ክርክር ሲነሳ ያን አንድ ጽሑፍ ማግኘት ያስፈልጋል፤ መጽሐፉ ማውጫ የለውም። የትኛው ሽያጭ በየትኛው ቅጠል እንዳለ የሚያውቀው መጽሐፉን የሚጠብቀው ሰው ነው። እሱ ሲሞት መዝገቡ ባለበት ቢቀመጥም መንገዱ ይጠፋል።

ቀኑም ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። ጸሐፊዎቹ ብዙ ጊዜ ዓመቱን በቁጥር አይጽፉም፤ “በዘመነ ማርቆስ” ይሉና ንጉሡን፣ የ“ራስ” ማዕረግ ያለውን ሹም፣ ሌሎች ሹማምንትንም ያክላሉ። ዘመነ ማርቆስ በየ4 ዓመቱ ይመለሳል። ንጉሡ ቢጠቀስም ነገሩ ሁልጊዜ አይጠራም፤ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ቀዳማዊ ከ1779 እስከ 1800 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ 6 ጊዜ ያህል እየወረዱ ነግሠዋል። የሹማምንቱ ስም ዝርዝር ለዘመኑ ሰው ወግ ነበር፤ ለዛሬ ፈላጊ ግን ዓመቱን የሚለይበት ቁልፍ ሆኗል።

በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ያሰባሰቧቸው መጻሕፍትም ተወሰዱ። 350 ያህል ብራናዎች ለንደን ገቡ፤ በውስጣቸው የጎንደር ሰዎች የመሬት ጉዳይ አለ። መዝገብ ከባለቤቶቹ ርቆ መቀመጡ የሚያስቆጭ ነገር ነው፤ ማንም እንዲህ ያለ ውል በሌላ አገር ቤተ መጻሕፍት ይገኛል ብሎ አያስብም።

መንገዱን መልሰው ከጠረጉት መካከል ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ይገኛሉ። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ይነሡ ነበር፤ ቅጂያቸውም በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ይቀመጥ ነበር። እሳቸው ባዘጋጁት ካታሎግ “አራቱ ወንጌላት” ብሎ ማለፍ የለም። በዚህ ቅጠል የመሬት ሽያጭ፣ በዚያኛው ስጦታ፣ በሌላው የንብረት ዝርዝር እያሉ ኅዳጉን ጭምር መዝግበዋል። ወንጌል የሚል ስም ብቻ የያዘ ዝርዝር ሽያጭ ለሚፈልግ ሰው ዝግ በር ነው፤ እንዲህ ዓይነቱ መግለጫ ግን ማይክሮፊልሙን የታሪክ ምንጭ አደረገው። ይህ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ከሚገባው በታች ተመስግኗል።

መዝገብን ፈላጊ እንዲያገኘው አድርጎ የመግለጹ ሥራ ዛሬ በሌላ ቦታ ተመልሶ መጥቷል። በኢትዮጵያ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ግዴታ የሆነው የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን በብዙ ሱቆች ሽያጭ ይመዘግባል፤ ብዙ ድርጅቶችም ሽያጫቸውን በዳታቤዝ ያስቀምጣሉ። አሁን ያን መዝገብ የሚፈልገው ሰው ብቻ አይደለም። በኅዳር 2024 እ.ኤ.አ. አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የተሰኘውን ክፍት መስፈርት ካወጣ ወዲህ፣ የኤአይ ኤጀንቶችን፣ ማለትም ሥራን በራሳቸው የሚያከናውኑ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞችን፣ እንዲህ ያለውን መዝገብ ከሚፈልግ መሣሪያ ጋር ማገናኘት ቀሏል። ኤጀንቱ ስለ መሣሪያው የሚያውቀው በስሙ፣ በመግለጫውና በሚቀበላቸው ግብአቶች ዝርዝር የተነገረውን ነው። የሂሳብ ሹሙን ቀና ብሎ አይጠይቅም።

ስለዚህ የመሣሪያውን መግለጫ የሚጽፈው ባለሙያ ከጎንደሩ ጸሐፊ ጋር የሚጋራው ጥያቄ አለው። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ወይስ በአውሮፓ? ካልተነገረ ኤጀንቱ የመስከረምን ሽያጭ በሌላ ዓመት ይፈልጋል። ዋጋው ተጨማሪ እሴት ታክስን ያካትታል? የተመለሰ ዕቃ ተቀንሷል? ደንበኛው ኃይሉ፣ ሀይሉ ወይም ሐይሉ ተብሎ ቢጻፍ ፍለጋው እንደ አንድ ይቆጥረዋል? በግዕዝ ፊደል የሚሠራ መሣሪያ ይህን የመጨረሻውን ሳይመልስ ቢወጣ እውነተኛ ሽያጭ ይሰውራል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ባዶ መልስ ነው። አንድ የጎንደር ወንጌል ውስጥ ሽያጩ አልተገኘም ማለት መሬቱ አልተሸጠም ማለት አይደለም፤ በሌላ ደብር መጽሐፍ ተጽፎ ሊሆን ይችላል፣ ያ መጽሐፍም ለንደን ሊሆን ይችላል። መሣሪያውም መዝገቡ ከየትኛው ዓመት እንደሚጀምር፣ የትኞቹን ቅርንጫፎች እንደማይጨምር፣ በአንድ ጊዜ ስንት ውጤት እንደሚመልስ በመግለጫው ካልተናገረ፣ ኤጀንቱ ያላገኘውን “የለም” ብሎ ለሥራ አስኪያጁ ያቀርባል፤ ሥራ አስኪያጁም በዚያ ላይ ተመርኩዞ ይወስናል።