ግራመር፣ ግላመርና መሰላል
በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ተማሪን ከሚያስዛጉ ቃላት «ግራመር» ግንባር ቀደሙ ሳይሆን አይቀርም። ሥሩ ግሪክኛ ነው፤ «ግራማ» ፊደል ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ማንበብ የሚችለው ጥቂት ስለነበር፣ የተማረ ሰው አስማትም ያውቃል ተብሎ ይጠረጠር ነበር (የኛን ደብተራ ያስታውሳል)። ስኮትላንዳውያን ቃሉን «ግላመር» ብለው ለወጡት፤ ትርጉሙም ዓይን የሚያፈዝ ድግምት ሆነ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደራሲው ዋልተር ስኮት በድርሰቶቹ አስፋፋው። ዛሬ የፊልም ተዋንያን ድምቀት የሚጠራበት «ግላመር» እንግዲህ የዚያ አሰልቺ ትምህርት ልጅ ነው! የእኛ «ሰዋስው» ደግሞ በግዕዝ መሰላልም ማለት ነው። ምረጥ ብባል ከድግምቱ ይልቅ መሰላሉን እወስዳለሁ፤ ቢያንስ እርከኑ ይቆጠራል።