የራስ ፖስታ ቤት፦ ከምኒልክ ቴምብር እስከ ዩኒቨርሲቲ የኢሜይል ሰርቨር

በሐዋሳ ባህል አዳራሽ ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ ንግግር ጽሑፍ



የዛሬው ርእሴ ከታሪክ ትምህርት የራቀ ሊመስል ይችላል። አንድ ተቋም የራሱን የኢሜይል ሰርቨር መትከሉ፣ ማስተካከሉና ብልሽቱን እየተከታተለ መጠገኑ የኮምፒውተር ባለሙያ ሥራ ነው፤ የታሪክ ሰው ምን አገባው የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። መልሴ አጭር ነው። ታሪክ በአብዛኛው የሚጻፈው ከደብዳቤ ነው። ደብዳቤ በማን እጅ አለፈ፣ የት ተቀመጠ፣ ለምንስ ሳይደርስ ቀረ የሚሉት የሙያችን ጥያቄዎች ናቸው።

ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ፖስታ ቤት በሁለት ነገሮች ይቆማል፤ በቤቱና በሌሎች ዘንድ ባለው እውቅና። ቤቱን መሥራት ቀላል ነው። እውቅናው ግን የሚገኘው በጊዜ፣ በውልና በማያቋርጥ ጥበቃ ነው። የአገራችን የመልእክት ታሪክ በአመዛኙ የዚህ የሁለተኛው ነገር ታሪክ ነው።

ከመጀመሪያው እንነሣ። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፖስታ እንዲቋቋም አዘዙ። የንጉሠ ነገሥቱን መልክና የይሁዳን አንበሳ የያዙት ቴምብሮች በፓሪስ ታተሙ። ደብዳቤ በሐረር በኩል ወደ ጅቡቲ የሚወርድበት መንገድ ተደራጀ። ቤቱ ተሠራ ማለት ነው። ነገር ግን ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ስላልነበረች፣ የምኒልክ ቴምብር ከድንበር ውጭ አይታወቅም ነበር። ወደ አውሮፓ የሚሄድ ደብዳቤ የኢትዮጵያን ቴምብር ይዞ ቢነሣም፣ ባሕር ለመሻገር የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ቴምብር ሊጨመርበት ግድ ሆነ። በአንድ ፖስታ ላይ የሁለት መንግሥታት ቴምብር ጎን ለጎን ተለጥፎ የሚታይባቸውን የዚያን ዘመን ደብዳቤዎች የቴምብር ሰብሳቢዎች ዛሬም በክብር ይጠብቋቸዋል። ይህ ሁኔታ ያበቃው በጥቅምት 22 ቀን 1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ኅብረቱን ስትቀላቀል ነው። ፖስታ ቤቱ ከታዘዘበት ቀን እስከ ታመነበት ቀን 14 ዓመት ከመንፈቅ አለፈ።

አሁን ወደ ኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ እንሻገር። ኢሜይል ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚጓዘው ኤስኤምቲፒ በተባለ ደንብ ነው። ደንቡን እ.ኤ.አ. በ1982 ጽፎ ያወጣው አሜሪካዊው ጆን ፖስተል ሲሆን፣ መሠረቱ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ላኪው ሰርቨር የተቀባዩን በር ያንኳኳል፤ ስሙን ይናገራል፤ ደብዳቤው ከማን እንደመጣና ለማን እንደሆነ ያስታውቃል፤ ከዚያም ደብዳቤውን ያነባል። ተቀባዩ ሲጨርስ «250» የሚል ቁጥር ይመልሳል። ይህ ቁጥር «ሰማሁ» ማለት ብቻ አይደለም። በደንቡ መሠረት ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ደብዳቤውን የማድረስ፣ ካልሆነም አለመድረሱን ለላኪው የማሳወቅ ኃላፊነት ወደ ተቀባዩ ይዛወራል። በእኛ ቋንቋ አደራ መቀበል ነው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ እንደሚባለው፣ የኢሜይል ሥርዓት በሙሉ በዚህች የአደራ ቁጥር ላይ ቆሟል።

ይህ ሥርዓት ወደ አገራችን የገባው በጓሮ በር ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የተባለ የመረጃ ሥርዓት ተቋቁሞ ነበር። ይህ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፊዶኔት በተባለው ርካሽ መንገድ ኢሜይል ማስተላለፍ ጀመረ። ፊዶኔት ቋሚ መስመር አይጠይቅም። ደብዳቤዎች በአንድ ተራ ኮምፒውተር ውስጥ ይከማቻሉ፤ በሞደምና በስልክ መስመር ለንደን ከሚገኘው ግሪንኔት ጋር ግንኙነት ሲፈጠር የተከማቸው ይወጣል፣ የመጣው ይገባል። የለንደኑን መተላለፊያ ካረን ባንክስ ታስተዳድረው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮም በካናዳ የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ ካቤካ የተባለው ፕሮጀክት ይህንኑ ዘዴ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች አስፋፋ።

የእነዚያ ደብዳቤዎች አድራሻ ግን ልብ ሊባል ይገባል። የአዲስ አበባው ተጠቃሚ አድራሻ «ፓዲስ» ብሎ ይጀምርና «ጂኤን ነጥብ ኤፒሲ ነጥብ ኦአርጂ» ብሎ ያበቃል። «ጂኤን» ግሪንኔት ነው። ሰርቨሩ አዲስ አበባ ቢሆንም ዓለም የሚያውቀው የለንደኑን ስም ነበር። የጅቡቲው ቴምብር በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ ማለት ይቻላል።

የራሳችን የኢንተርኔት መጠሪያ «ነጥብ ኢቲ» የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔት አገልግሎትን በ1989 ዓ.ም. አጋማሽ፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1997 ጀመረ። ከዚያ በኋላ በምሁራን ጽሑፎች ግርጌ የሚታየው አድራሻ «ቴሌኮም ነጥብ ኔት ነጥብ ኢቲ»፣ ቀጥሎም «ኢትዮኔት ነጥብ ኢቲ» ሆነ። ዛሬ በአብዛኛው «ጂሜይል ነጥብ ኮም» ነው። ተማሪዎቼ ቀን ያልተጻፈበት ጽሑፍ ቢያጋጥማችሁ የደራሲውን የአድራሻ ጅራት ተመልከቱ፤ ዘመኑን በግምት ይነግራችኋል። ከዚህም በላይ ደብዳቤያችን በየዘመኑ በማን ስም እንደታመነ ይነግራችኋል።

ፊደላችንም ተመሳሳይ መንገድ ተጉዟል። የ1982ቱ ደንብ የተዘጋጀው ለላቲን ፊደል ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ የአማርኛ ኢሜይሎች በላቲን ፊደል ይጻፉ ነበር፤ ለዚህም ሴራ የተባለ የአጻጻፍ ሥርዓት ተዘጋጅቶ አገልግሏል። ግዕዝ በዩኒኮድ መለኪያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ፊደሉ ከሺህ ዓመት በላይ በእጃችን ነበር፤ በሌሎች ማሽኖች ዘንድ እንዲታወቅ ግን ዓለም አቀፍ ስምምነት አስፈለገው።

የተቋም ሰርቨር በራስ ግቢ መትከል የተለመደው ቋሚ መስመር ሲገኝ ነው። ሶፍትዌሩ በነጻ ይገኛል። ቀድሞ ሴንድሜል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ፖስትፊክስ፣ በ2002 ደግሞ የመልእክት ሣጥኑን የሚጠብቀው ዶቭኮት ተጨመሩ። ትጉህ ባለሙያ እነዚህን በአንድ ቀን ሊተክላቸው ይችላል። በድሮው ዘመን ይህ ብቻ ይበቃ ነበር፤ ሰርቨሮች የማንንም ደብዳቤ ለማንም ያስተላልፉ ነበር፤ ይህም እንደ ጉርብትና ይቆጠር ነበር። የማይፈለግ የማስታወቂያ መልእክት ዓለምን ሲያጥለቀልቅ ግን ጉርብትናው ወደ ጥርጣሬ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1998 የተመሠረተውን ስፓምሃውስን የመሰሉ ድርጅቶች የአጥፊዎችን ጥቁር መዝገብ ያዙ። እንግዳ ሰርቨር ሁሉ ማንነቱን እንዲያስመሰክር ተጠየቀ።

ዛሬ የተቋሙ ኢሜይል አልደርስ ሲል ባለሙያው በቅደም ተከተል የሚጠይቃቸው አራት ጥያቄዎች የዚህ ታሪክ ውጤቶች ናቸው። አንደኛ፣ ስሙ ይታወቃል ወይ? በዲኤንኤስ መዝገብ ውስጥ የተቋሙን ደብዳቤ የሚቀበለው ማሽን በኤምኤክስ መስመር በትክክል መጻፍ አለበት። ሁለተኛ፣ በሩ ክፍት ነው ወይ? ሰርቨሮች የሚነጋገሩበት ፖርት 25 በብዙ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ዘንድ ስለሚዘጋ፣ ፍተሻው ከግቢው ውስጥ ብቻ ሳይሆን ከውጭም መደረግ አለበት። ሦስተኛ፣ ማን ይመሰክርለታል? ኤስፒኤፍ በተቋሙ ስም ደብዳቤ እንዲልኩ የተፈቀደላቸውን ማሽኖች ይዘረዝራል፤ ዲኪም በደብዳቤው ላይ ማኅተም ያሳርፋል፤ ዲማርክ ምስክርነቱ ሳይሟላ ሲቀር ተቀባዩ ምን እንዲያደርግ ባለቤቱ እንደሚፈልግ ይናገራል። አራተኛ፣ መዝገቡ ምን ይላል? በአራት የሚጀምር የመልስ ቁጥር «ቆይተህ ተመለስ» ማለት ነው፤ በአምስት የሚጀምር «አልቀበልም» ማለት ነው። ሁለቱን ሳይለይ የሰርቨሩን ቅንብር መነካካት የጀመረ ሰው አንዱን ብልሽት ሁለት ያደርገዋል።

በሦስተኛው ጥያቄ ውስጥ ተቋሙ ብቻውን ሊመልሰው የማይችል አንድ ነገር አለ። ተቀባይ ሰርቨሮች የመጣውን ቁጥራዊ አድራሻ ይዘው «ይህ ቁጥር የማን ነው?» ብለው ወደ ኋላ ይጠይቃሉ። ይህ ፒቲአር የሚባለው መዝገብ በተለምዶ የሚያዘው በተቋሙ ሳይሆን ቁጥሩን በሰጠው የቴሌኮም ድርጅት ነው። ጉግልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ጥብቅ ሲያደርጉት ከጠየቁት አንዱ ይኸው ነው። በአገራችን ሁለተኛ የቴሌኮም ድርጅት ፈቃድ ያገኘው በ2013 ዓ.ም. ስለሆነ፣ እስከዚያ ድረስ ተቋማት የሚያመለክቱበት በር አንድ ብቻ ነበር። ሰርቨሩ በግቢያችን ሆኖ ምስክሩ በሌላ ቤት የሚገኝበት ሁኔታ፣ ለታሪክ ተማሪ አዲስ ሊሆንበት አይገባም።

በመልእክት ሥራ ውስጥ ከእምቢታ የሚከፋ ነገር አለ፤ እርሱም ዝምታ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ጠፍቶ አልቀረም። ለንደን ደርሷል። ነገር ግን ከአንድ ዓመት በላይ መልስ ሳያገኝ ተቀመጠ። ንጉሡ ደብዳቤያቸው ተንቆ ይሁን ጠፍቶ የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። ቆንስል ካሜሮንን ወደ እስር፣ ነገሩን ሁሉ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ካደረሱት ምክንያቶች አንዱ ይህ ዝምታ ነው። ዛሬም ተቀባዩ ሰርቨር «250» ብሎ አደራውን ከተቀበለ በኋላ ደብዳቤውን ማንም ወደማይከፍተው የቆሻሻ ሣጥን ሊጥለው ይችላል። የላኪው መዝገብ «ደርሷል» ይላል። የትምህርት ዕድል ያመለከተ ተማሪም ሆነ ጽሑፉን የላከ መምህር መልስ የሚጠብቀው በከንቱ ነው። እውቅና ያጣ ሰርቨር የሚያስከፍለው ዋጋ ይህ ነው፤ የሚከፍለውም ብዙውን ጊዜ ባለሙያው ሳይሆን ባለጉዳዩ ነው።

መስመር ሲቋረጥስ? ኢሜይል በባሕርዩ ታጋሽ ነው። ፖስትፊክስ ያልደረሰን ደብዳቤ፣ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው፣ ለ5 ቀናት እየደጋገመ ይሞክራል፤ ከዚያ ለላኪው ይመልሳል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ በአገራችን የተቋረጠው ኢንተርኔት ግን ከሁለት ሳምንት በላይ ቆየ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ግንኙነቱ የተቋረጠ የአገር ውስጥ ሰርቨር ከውጭ የሚላክለት ደብዳቤ ከ5 ቀን በኋላ ወደ ላኪው ይመለሳል። መፍትሔው ከአገር ውጭ ደብዳቤ ተቀብሎ የሚያቆይ ሁለተኛ ማሽን መያዝ ነው። ይህም እንደገና በሌላ አገር ላይ መደገፍ ስለሚሆን፣ ፍጹም ነጻነት በዚህ ሥራ ውስጥ እንደማይገኝ ያሳየናል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ሁሉንም ለጉግል ወይም ለማይክሮሶፍት መተው አይቀልም ወይ? ይቀላል። ብዙ የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ በባለሙያና በመብራት እጥረት ለሚቸገር ተቋም ምርጫው የሚያሳፍር አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ስዌን ሩበንሰን አክታ ኤቲዮፒካ በሚል ርእስ ያሳተሟቸውን የ19ኛው መቶ ዘመን የኢትዮጵያ ደብዳቤዎች የተመለከተ ሰው፣ ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ የተገኙት በተቀባዮቹ የአውሮፓ ቤተ መዛግብት መሆኑን ያስተውላል። የነገሥታቶቻችንን ቃል የጠበቀው ተቀባዩ ነው። እኛም ዛሬ የትምህርት ክፍሎቻችንን ውሳኔ፣ የምርምር ስምምነቶቻችንንና ክርክሮቻችንን በግል የጂሜይል አድራሻ እየተጻጻፍን ነው። መምህሩ ጡረታ ሲወጣ ወይም ሲያርፍ የይለፍ ቃሉ አብሮት ይሄዳል። ከ50 ዓመት በኋላ የዚህን ዘመን የዩኒቨርሲቲ ታሪክ የሚጽፍ ሰው የሚከፍተው ሣጥን አይኖርም። ከቴዎድሮስ ደብዳቤ ያነሰ ዕድል ነው፤ ያ ቢያንስ በለንደን ተገኝቷል።

ስለዚህ ለተቋሞቻችን የማቀርበው ሐሳብ መጠነኛ ነው። ሰርቨሩ በግቢ ቢቀመጥ ወይም በኪራይ ቢሆን፣ አድራሻው በተቋሙ ስም ይሁን፤ የስም መዝገቡ ቁልፍ ከአንድ ሰው በላይ በሆኑ ኃላፊዎች እጅ ይያዝ። የሥራ ደብዳቤ ቅጂ በየዓመቱ ወደ ተቋሙ መዝገብ ቤት ይግባ፤ ሰነድነቱ ይከበር። የራሱን ሰርቨር የሚያቆም ተቋም ካለ ደግሞ ለማሽኑ ከሚያወጣው ገንዘብ በፊት የሚጠብቁትን ሁለት ባለሙያዎች ያስብ፤ አንዱ ፈቃድ ሲወጣ ሌላው መዝገቡን የሚያነብ። በኮምፒውተርና በታሪክ ትምህርት ክፍሎች ያላችሁ ተማሪዎችም ይህን ሥራ በጋራ ብትለማመዱት ሁለታችሁም ታተርፋላችሁ።

ከምኒልክ ትእዛዝ እስከ ዓለም ፖስታ ኅብረት የነበረው 14 ዓመት ከመንፈቅ በከንቱ አላለፈም። በእነዚያ ዓመታት መልእክተኞች መንገዱን፣ ጸሐፊዎች መዝገቡን፣ መንግሥት ውሉን ተማሩ። የእኛም ፖስታ ቤት የሚታመነው እንደዚሁ በትዕግሥት ሲጠበቅ ነው።