ከምድጃ ዳር እስከ ጥቁር ሰሌዳ፦ የጋሞ ቤተሰቦች ያቆዩት ቃል

የአርባ ምንጭ ከተማ ስም አማርኛ ነው። ከተማዋ በ1950ዎቹ ተቆርቁራ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ርእሰ ከተማነትን ከጨንቻ ስትረከብ፣ ከተራራው ግርጌ የሚፈልቁት ምንጮች መጠሪያ ሆኗት። በየመሥሪያ ቤቱ የሚጻፈውም በዚሁ ቋንቋ ነበር። ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በላይ በሚገኘው ደጋ ግን ብራና ያልነካው፣ ማኅተም ያላረፈበት ሌላ መዝገብ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል። የመዝገቡ ጠባቂዎች ቤተሰቦች ናቸው፤ ይዘቱም ቃል ነው።

የጋሞ ደጋ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ከመዋሉ በፊት፣ ወደ 40 በሚጠጉና ራሳቸውን በራሳቸው በሚያስተዳድሩ ማኅበረሰቦች የተከፈለ ነበር። እያንዳንዱ ማኅበረሰብ «ደሬ» ይባላል። ሕዝቡ ተሰብስቦ የሚመክርበትና የሚፈርድበት አደባባይ «ዱቡሻ» ነው፤ በማኅበረሰቡ ተመርጦ ኃላፊነት የሚሸከመው ሰው «ሃላቃ» ነው። ከሁሉም በላይ ክብደት ያለው ቃል ግን «ጎሜ» ነው። ይህን ቃል «ኃጢአት» ብሎ ወደ አማርኛ የሚመልሰው ሰው ግማሹን ብቻ ይዟል። ጎሜ ክልክል የሆነውን ነገር በመጣስ የሚመጣ መዘዝ ሲሆን፣ መዘዙ በአጥፊው ላይ ብቻ ሳይወሰን ወደ ቤተሰቡ፣ ወደ ከብቱ፣ ወደ እርሻውና ወደ ዝናቡ ይደርሳል። የሚፈታውም ጥፋቱ ተነግሮ፣ የተጣላው ታርቆ ነው። ከአንድ ቃል ውስጥ ሙሉ የሕግ ሥርዓት ይገኛል ማለት ነው። ይህንም ልጅ የሚማረው ከመጽሐፍ ሳይሆን በምድጃ ዳር፣ በአያትና በእናት ተግሣጽ ነው።

የሥራ ቃላትም መንገዳቸው ይኸው ነው። የእንሰትን ዝርያዎች በየስማቸው ለይታ የምታውቀው፣ ቅጠሉን፣ ግንዱንና ሥሩን ለየአገልግሎቱ የምትለየው ሴቲቱ ናት፤ ዕውቀቷንም ለልጇ የምታወርሰው አብረው ሲፍቁ ነው። የዶርዜ ሸማኔ ከጉድጓዱ ተቀምጦ መወርወሪያውን ሲወረውር፣ ከጎኑ ያለው ልጅ ሙያውንና የሙያውን ቋንቋ በአንድነት ይቀበላል። ከቀርከሃ ተፈትሎ እንደ ቅርጫት የሚሠራው የዶርዜ ቤት ግርጌው በምስጥ ሲበላ ሙሉ ቤቱ ተነሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ይሸጋገራል። የሸማኔውም ቋንቋ እንዲሁ ተነሥቶ ተጉዟል፤ በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የሰፈሩት ሸማኔዎች ከሽመና መሣሪያቸው ጋር የቤታቸውን ንግግር ይዘው ወጥተዋል። በቀድሞው ኅብረተሰብ እጀ ሠሪ የተናቀ ስለነበር፣ ንቀቱ ከሰውየው አልፎ በቋንቋው ላይም አርፎ ነበር።

የእነዚህ ቤተሰቦች አባባል ምን ያህል ጥልቀት እንዳለው ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ዳን ስፔርበር በዶርዜ መካከል ኖሮ አስተውሏል። ዶርዜዎች «ነብር ክርስቲያን ነው፤ ጾም ያከብራል» ይላሉ። ሆኖም በረቡዕና በዓርብ ከብታቸውን ከነብር መጠበቃቸውን አይተዉም። ስፔርበር እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን አባባል እንደ ተራ ስሕተት አልቆጠረውም፤ ሰዎች አንድን ነገር በምልክትነት ይዘው በዕለት ኑሯቸው ግን ዕውቀታቸውን እንደማይጥሉ ለማስረዳት ምሳሌ አደረገው። እረኛ ልጅ ከቤቱ የተቀበለው አባባል በዚህ መንገድ ከዓለም የሥነ ሰብእ ጥናት ታዋቂ ምሳሌዎች አንዱ ለመሆን በቃ።

ይህ የቤት ቋንቋ ወደ ትምህርት ቤት የገባበት ታሪክ ግን ቀላል አልነበረም። ጋሞኛ ከወላይትኛ፣ ከጎፍኛና ከዳውሮኛ ጋር በኦሞቲክ ቋንቋዎች ውስጥ በኦሜቶ ዘር የሚመደብ የቅርብ ዘመድ ነው። ወላይታው «ሦስት» ለማለት «ሄዛ»፣ «አሥር» ለማለት «ታማ» ሲል፣ ጋሞው «ሄዙ»፣ «ታሙ» ይላል። ለሩቅ አድማጭ ልዩነቱ የመጨረሻዋ ድምፅ ብቻ ናት፤ ቁጥርን ከእናቱ አፍ ለተማረ ሰው ግን ያች ድምፅ የማን ልጅ እንደሆነ ትናገራለች። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ ከኦሜቶ ቋንቋዎች መካከል የተካተተው ወላይትኛ ነበር። ጋሞኛ ተራው የደረሰው በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ከወሰነ በኋላ ነው።

ይሁን እንጂ በዚያ ጊዜ ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ በሰሜን ኦሞ ዞን ሥር በአንድነት ይተዳደሩ ስለነበር፣ ከአራቱ ንግግሮች ተቀላቅሎ «ወጋጎዳ» የተባለ አንድ የጽሑፍ ቋንቋ ተዘጋጀ። ስሙ ራሱ የአራቱ ሕዝቦች ስም የመጀመሪያ ፊደላት ቅጥያ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የመማሪያ መጻሕፍቱ ወደ ትምህርት ቤት ሲገቡ በተለይ በወላይታ ሶዶ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ንብረት ወደመ። መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ፤ በ1993 ዓ.ም. ዞኑም ፈረሰ። ለውድቀቱ የአስተዳደር ጥያቄ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ከቋንቋው ወገን ሲታይ ግን ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ወጋጎዳን ልጇን ያጫወተችበት እናት፣ የመረቀበት አያት አልነበረም። አራቱ ቋንቋዎች መቀራረባቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ዝምድና ሌላ፣ አንድ መሆን ሌላ ነው።

የቤትን ቃል ሳያፈርሱ ወደ መጽሐፍ ማስገባት እንደሚቻል የሌላ አገር ልምድ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1855 በእንግሊዝ አገር በዮርክሻየር የተወለደው ጆሴፍ ራይት በልጅነቱ በሱፍ ፋብሪካ የሠራ፣ ማንበብም በጉርምስናው የተማረ የድኻ ልጅ ነበር። በኋላ በኦክስፎርድ ፕሮፌሰር ሆኖ ከ1898 እስከ 1905 በስድስት ቅጾች የእንግሊዝኛን የየአካባቢ ቃላት መዝገበ ቃላት አሳተመ። የመዝገቡ ምሥጢር እያንዳንዱ ቃል የተነገረበት አውራጃ አብሮ መጻፉ ነው፤ የገበሬው ቃል ለከተሜው ሲባል አልተቃናም። ከ1950 እስከ 1961 የሊድስ ዩኒቨርሲቲ ባካሄደው ጥናት ደግሞ አጥኚዎች በ313 ቦታዎች እየዞሩ በአብዛኛው በዕድሜ የገፉ የገጠር ሰዎችን ጠይቀው ንግግራቸውን መዝግበዋል። ልጆቻቸው በትምህርትና በራዲዮ ቋንቋ እየተለወጡ ስለነበር፣ ሥራው ከጊዜ ጋር የተደረገ እሽቅድምድም ነበር።

ያው እሽቅድምድም ዛሬ በጋሞ አለ። በ2011 ዓ.ም. ጋሞ ራሱን የቻለ ዞን ሆኗል፤ ቋንቋውም በላቲን ፊደል ይጻፋል። ነገር ግን ወጋጎዳ ያስነሣው ጥያቄ በአነስተኛ መልኩ በጋሞ ውስጥም ይነሣል። የዶርዜ፣ የኦቾሎ፣ የቦንኬ፣ የካምባና የቦረዳ አነጋገር አንድ አይደለም፤ የአንዱ ቃል መጽሐፍ ውስጥ ሲገባ የሌላው ከደጅ ሊቀር ይችላል። በዚያው ዞን የሚኖሩት ዘይሴና ጊዲቾ ደግሞ የየራሳቸው ቋንቋ ያላቸው፣ በቁጥር አነስተኛ የሆኑ ሕዝቦች ናቸው። «ማና» የተባሉት ሸክላ ሠሪዎችና «ደጋላ» የተባሉት ቆዳ ፋቂዎች ለረጅም ዘመን ከዱቡሻው ክብር ተገልለው ኖረዋል፤ የእነርሱ ቤተሰብ ቃል ካልተመዘገበ የአሮጌው ኅብረተሰብ መድልዎ በመዝገበ ቃላት ይቀጥላል።

ይህ ሁሉ የቋንቋ ሊቃውንት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ የመስከረም 2011 ዓ.ም. ታሪክ ይመሰክራል። በቡራዩና በአካባቢው በጋሞ ተወላጆችና በሌሎችም ላይ ግድያና መፈናቀል በደረሰ ጊዜ፣ በአርባ ምንጭ ቁጣ ያነሣሣቸው ወጣቶች ለበቀል ወጡ። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ሣሩ በራሱ ኃይል አልነበረውም። ኃይል የሰጠው፣ ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ አልፎ መሄድ ነውር መሆኑን እያንዳንዱ ወጣት ከቤቱ ተምሮ መምጣቱ ነበር። ያ ትምህርት ባይተላለፍ ኖሮ ሽማግሌዎቹ የሚናገሩት በማይሰማ ቋንቋ በሆነ ነበር።

ስለዚህ በጨንቻም ሆነ በአርባ ምንጭ፣ በካምባም ሆነ በሽሮ ሜዳ የሚያስተምር መምህር ታላቅ ሥራ በእጁ ነው። ተማሪው ከአያቱ አንድ ቃል፣ ከአባቱ አንድ አባባል ይዞ ይምጣ፤ ከቃሉ ጎንም የተናጋሪው ደሬና ሙያ ይጻፍ። የኪነት ሰውም መድረክ ላይ ሲያወጣው ቃሉን ከነድምፁ ያውጣው። የጋራ የጽሑፍ ቋንቋ አስፈላጊ ነው፤ ጽኑ የሚሆነው ግን የየቤቱ ሰው ገልጦ ሲያነበው የእናቱን ቃል ሲያገኝበት ነው።